የጭነት አብራሪ እንቅልፍ በምን ይለካል? «ተጨማሪ የዕረፍት ሕግ አያስፈልግም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎችን የዕረፍት ጉዳይ የሚመለከት አንድ ጽሑፍ ወጥቶ አንብቤዋለሁ። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ የጭነት አውሮፕላን መንገደኛ ስለማይጭን አደጋ ቢደርስ ጉዳቱ ውሱን ነው፤ የጭነት አብራሪዎች በወር የሚበሩት ሰዓት ከመንገደኛ አብራሪዎች ያነሰ ነው፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በጭነት ማዕከሎቻቸው የመኝታ ክፍሎች ሠርተዋል፤ በረጅም በረራ ላይም አልጋ አለ፤ የደከመ አብራሪም ደክሞኛል ብሎ መቅረት ይችላል፤ ይህ ሁሉ ተሟልቶለት ደክሞት የሚበር አብራሪ ቢኖር ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ስለዚህ የመንገደኛ አብራሪዎች የሚተዳደሩበትን የዕረፍት ደንብ በጭነቱ ዘርፍ ላይ መጫን ወጪ ከማብዛት በቀር ፋይዳ ስለሌለው ጉዳዩ ለየኩባንያው ፈቃድ ቢተው ይሻላል። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው፤ ከነጥቦቹም ቢያንስ አንዱ እውነት ነው፤ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ። ሆኖም ክርክሩ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የተሰጠውን ሰዓትና የተዘጋጀውን አልጋ እየቆጠረ ይሄዳል እንጂ፣ አብራሪው በዚያ ሰዓት በዚያ አልጋ ላይ ምን ያህል ሊተኛ እንደሚችል አንድም ቦታ ላይ አይጠይቅም።

ነገሩን ላልተከታተሉ አንባቢዎች የሕጉን ታሪክ በጥቂቱ ላስታውስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፌብሩዋሪ 2009 የኮልጋን ኤር 3407 በረራ በኒው ዮርክ ግዛት ከቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2010 ባወጣው ሕግ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ የአብራሪዎችን የሥራና የዕረፍት ሰዓት በሳይንሳዊ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ እንዲደነግግ አዘዘ። አስተዳደሩ በዚያው ዓመት ያቀረበው ረቂቅ የጭነት በረራዎችንም ይጨምር ነበር። በጃንዋሪ 2012 ታትሞ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውና «ክፍል 117» እየተባለ የሚጠራው የመጨረሻው ደንብ ግን የጭነት በረራዎችን ከግዴታው አውጥቶ፣ የፈለገ ኩባንያ በፈቃዱ ሊገባበት ይችላል በማለት ተዋቸው። የተሰጠው ምክንያት የወጪና የጥቅም ስሌት ነበር። አንድ የጭነት አብራሪዎች ማኅበር ክስ መሥርቶ ቢከራከርም የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 ለአስተዳደሩ ፈረደ።

ጸሐፊው ይህንኑ ስሌት የክርክራቸው ምሰሶ አድርገውታል፤ መንግሥት ራሱ አስልቶ ጥቅሙ ከወጪው ያንሳል ካለ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ይላሉ። የሚፈለገውስ ስሌቱ ምን እንደለካ ማየት ነው። በእንዲህ ያለ አሠራር የአንድ ደንብ ጥቅም በአመዛኙ የሚታወቀው ደንቡ ያስቀረዋል ተብሎ የሚገመተውን ሞት በገንዘብ በመተመን ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ቢወድቅ በመቶ የሚቆጠር ሰው ሊሞት ይችላል፤ በጭነት አውሮፕላን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የሁለቱ ዘርፍ አብራሪዎች እኩል ቢደክሙ፣ እኩልም ቢሳሳቱ፣ በጭነቱ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ምንጊዜም ዝቅተኛ ይሆናል። ስሌቱ የጭነት አብራሪ ብዙ አይደክምም አላለም፤ ደክሞ ቢሳሳት አብረውት የሚሞቱት ጥቂት ናቸው ነው ያለው። ጸሐፊው ግን ይህንን ለዚያኛው ማስረጃ አድርገው አቅርበውታል።

ጥቂት ናቸው የሚለውም ቢሆን መሬት ላይ ያለውን ሰው ይዘነጋል። በኦክቶበር 1992 የኤል አል የጭነት ቦይንግ 747 አምስተርዳም ውስጥ በቤይልመር ሰፈር የመኖሪያ ሕንፃዎች ላይ ወድቆ 43 ሰዎች ሲሞቱ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 4 ብቻ ነበሩ። በጃንዋሪ 2017 ሌላ የጭነት 747 በኪርጊዝስታን ከቢሽኬክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በሚገኝ መንደር ላይ ሲወድቅ፣ ከሞቱት 39 ሰዎች 35ቱ መሬት ላይ የነበሩ ናቸው። ሁለቱን አደጋዎች የማነሣው ምክንያታቸው ድካም ነበር ለማለት አይደለም፤ የአምስተርዳሙ ሞተሮቹ ከክንፉ ተገንጥለው የደረሰ ነው። ማለት የምፈልገው በመቶ ቶኖች የሚመዝን አውሮፕላን በከተማ ላይ ሲያልፍ በሆዱ የያዘው ሰው ይሁን ሣጥን ለታችኛው ነዋሪ ልዩነት እንደሌለው ነው። የጭነትና የመንገደኛ አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ ይበራሉ፤ በአንድ ማኮብኮቢያም ተራ በተራ ያርፋሉ።

የጭነት አብራሪ በወር የሚበረው ሰዓት ያንሳል የሚለው ሁለተኛ ነጥብ ለብዙ ኩባንያዎች እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ድካም የሚነግረን ነገር ግን እጅግ ትንሽ ነው። የአንድን ሰው ድካም ለመገመት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ከነቃ ስንት ሰዓት ሆነው፣ ባለፉት ቀናት ምን ያህል ተኛ፣ በሰውነቱ የውስጥ ሰዓት አቆጣጠርስ አሁን ስንት ሰዓት ነው የሚሉት ናቸው። በ1997 የታተመና ከዚያ ወዲህ በብዛት የተጠቀሰ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይተካከላል። በሌላ በኩል ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ ትኩረት ይሳሳል፤ ምላሽ ይዘገያል። የአሜሪካውም ሆነ የአውሮፓው ደንብ ይህን የሌሊት ክፍል ለብቻው ለይተው የሚቆጣጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የማታ ጭነት ደግሞ በባሕርዩ የሚሠራው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ደንበኛው ማታ ያስረከበውን ዕቃ ጠዋት ማግኘት ይፈልጋልና።

በጁላይ 2002 የፌዴክስ ቦይንግ 727 በፍሎሪዳ ታላሃሲ ለማረፍ ሲቃረብ ከማኮብኮቢያው በፊት ዛፎች መትቶ የወደቀው ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ37 ላይ ነበር፤ ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው ተርፈዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የካፒቴኑንና የረዳት አብራሪውን ድካም ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉ ምክንያቶች መካከል አስቀምጦታል። በኦገስት 2013 ከሉዊቪል ተነሥቶ በአላባማ በርሚንግሃም ከማረፉ በፊት የተከሰከሰው የዩፒኤስ ኤርባስ ኤ300 ደግሞ የወደቀው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ47 ላይ ነው፤ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል። ይህ በረራ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። በወሩ መጨረሻ በሚደመረው የበረራ ሰዓት ላይ የሚጨምረው ነገር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ደንቦቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የጸሐፊውን ነጥብ ይበልጥ ያሳሳዋል። በክፍል 117 መሠረት ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ የሚጀምሩ ሁለት አብራሪዎች የበረራ ግዳጃቸው (ለሥራ ከቀረቡበት እስከ መጨረሻው በረራ ማብቂያ ያለው ጊዜ) ከ9 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ የሚጀምሩት ግን እስከ 14 ሰዓት ሊሠሩ ይችላሉ። ደንቡ ሌሊትን ከቀን ይለያል ማለት ነው። ክፍል 117ን በፈቃዱ ያልተቀበለ የጭነት ኩባንያ የሚተዳደርበት የቆየው ደንብ ግን ለሁለት አብራሪዎች በ24 ሰዓት ውስጥ 8 የበረራ ሰዓትና 16 የሥራ ሰዓት ይፈቅዳል፤ ሥራው ጠዋት ይጀመር እኩለ ሌሊት ላይ ቁጥሩ አንድ ነው። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ ሌሊቱን ከሌላው ሁሉ አብልጦ የሚሠራው ዘርፍ ሌሊትን በማያውቅ ደንብ እንዲተዳደር መደረጉ ነው።

ጸሐፊው ሰፊ ቦታ የሰጡት ስለ መኝታ ክፍሎቹ ነው፤ እኔም ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በእርግጥ በትልልቆቹ የጭነት ማዕከሎች አብራሪዎች የሚተኙባቸው ክፍሎች አሉ፤ ሊመሰገንም ይገባል። ጥያቄው ክፍሉ የሚሰጠው እንቅልፍ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። የማታ ጭነት አሠራር የታወቀ ነው፦ ከየከተማው የተነሡ አውሮፕላኖች እኩለ ሌሊት ገደማ ወደ አንድ ማዕከል ይሰበሰባሉ፤ ዕቃው ይራገፋል፣ በየመድረሻው ይለያል፣ እንደገና ይጫናል፤ አውሮፕላኖቹም ሊነጋጋ ሲል ወደየአቅጣጫቸው ይበተናሉ። ሜምፊስና ሉዊቪል ያሉት ታላላቅ ማዕከሎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አብራሪው እንግዲህ የሚተኛው በመራገፉና በመጫኑ መካከል ባለችው ክፍተት ነው።

ክፍተቷን በምሳሌ እንስፈራት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አርፎ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ አብራሪ በወረቀት ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል አለው። አውሮፕላኑን ቦታው አድርሶ ሞተር እስኪያጠፋ፣ የብልሽት መዝገቡን ሞልቶ እስኪፈርም፣ አውቶቡስ ጠብቆ ወደ ሕንፃው እስኪደርስ፣ ክፍል ተሰጥቶት ጫማውን እስኪያወልቅ 40 ደቂቃ ይሄዳል እንበል። ለመነሣት ደግሞ የአየር ሁኔታውን፣ የነዳጁን መጠን፣ የክብደትና የሚዛን ሰነዱን፣ አደገኛ ዕቃ ካለም ዝርዝሩንና የተጫነበትን ቦታ ማየት ስላለበት፣ ከክፍሉ መውጣት ያለበት ከመነሻው ሰዓት 70 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነው። የቀረው አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ እንቅልፍ እስኪወስደው 20 ደቂቃ ቢቀነስ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ይህም ሁሉ ነገር በሰዓቱ ከሄደ ነው። ከአንድ ከተማ የሚመጣ አውሮፕላን በነጎድጓድ ምክንያት ዘግይቶ እሱም የሚጠብቀው ዕቃ ካለበት፣ ወይም ራሱ ዘግይቶ ከደረሰ፣ መጀመሪያ የምትቀነሰው ያቺው የእንቅልፍ ሰዓት ናት። ያን ጊዜ ክፍሉ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

የሚደንቀው ነገር ጭነትን ከግዴታው ያወጣው ክፍል 117 ራሱ የዚህን ችግር መፍትሔ በውስጡ መያዙ ነው። በደንቡ መሠረት አንድ አብራሪ ያን አደገኛ የሌሊት ክፍል የሚነካ ሥራ በተከታታይ ሊሠራ የሚችለው ለሦስት ሌሊት ነው። እስከ አምስት ሌሊት መሥራት የሚፈቀድለት በየሌሊቱ ቢያንስ የ2 ሰዓት የዕረፍት ዕድል ከተሰጠው ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ ሰዓቶች የሚቆጠሩትም አውሮፕላኑ ካረፈበት ወይም ሞተር ከጠፋበት ጊዜ ሳይሆን አብራሪው ማረፊያው ውስጥ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ማረፊያው ምን መምሰል እንዳለበትም ተጽፏል፦ ሙቀቱ የሚስተካከል፣ ድምፅ የሚቀንስ፣ ብርሃን መቆጣጠር የሚቻልበት፣ አልጋ ወይም ጠፍጣፋ ለመሆን የቀረበ ወንበር ያለው ቦታ መሆን አለበት። ከላይ በምሳሌ ያነሣሁት አብራሪ ክፍል አለው፤ አልጋም አለው፤ ነገር ግን በዚህ መለኪያ 20 ደቂቃ ይጎድለዋል። ጸሐፊው ክፍሎቹን ሲቆጥሩ ይህችን ጉድለት የሚያሳይ ዓምድ በሠንጠረዣቸው ውስጥ የለም።

ስለ ክፍሎቹ ጥራትም አንድ ነገር ልጨምር። ለሁለት የሚጋሩት ክፍል አንደኛው 8 ሰዓት ላይ ሲነሣ ሌላውን ይቀሰቅሳል። በኮሪደሩ ላይ በድምፅ ማጉያ ስም የሚጠራ ከሆነ አንዱን ለመቀስቀስ ሁሉም ይነቃል። ከበሩ ሥር የሚገባው መብራት፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚዘጋው የመጸዳጃ ቤት በር፣ በአንድ ቁልፍ ለመላው ፎቅ የሚስተካከለው ማቀዝቀዣ፣ እነዚህ ሁሉ በግንባታው ዝርዝር ላይ የማይታዩ ነገር ግን ሌሊቱን የሚወስኑ ናቸው። ከሁሉም በላይ፣ የሚቀሰቅስ ሰው ወይም ማንቂያ እንዳለ እርግጠኛ ያልሆነ አብራሪ አንድ ዓይኑን ሰዓት ላይ ጥሎ ስለሚተኛ እንቅልፉ እንቅልፍ አይሆንም። ደግሞም ከማዕከሎቹ ውጭ ባሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ያለው ቴሌቪዥን የተከፈተበት የሠራተኞች መቀመጫ ክፍል ነው፤ ጽሑፉ ስለ እነርሱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

የሌሊቱ አብራሪ ዋናውን እንቅልፉን የሚተኛው በቀን መሆኑንም መርሳት አይገባም። የናሳ ተመራማሪዎች የሌሊት ጭነት አብራሪዎችን ተከታትለው ባደረጉት ጥናት የቀን እንቅልፋቸው ከሌሊቱ እንቅልፍ ያጠረና ጥራቱም ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ጠዋት ሆቴል የገባ ሰው ሰውነቱ ሊነቃ በሚዘጋጅበት ሰዓት ይተኛል፤ ጥቂት ሰዓት ተኝቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይነቃል፤ ሌላ እንቅልፍ ሳያገኝ ማታ ለሥራ ይቀርባል። በመዝገብ ላይ ግን «12 ሰዓት ዕረፍት» ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ወደ ሰማዩ አልጋ እንምጣ። በቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ላይ ከኮክፒቱ (ከአብራሪዎቹ ክፍል) በስተኋላ ባለው ላይኛው ወለል አልጋዎች አሉ፤ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሌሎች የጭነት አውሮፕላኖችም እንዲሁ የተለያየ ዓይነት ማረፊያ አላቸው። በብዙ አሮጌና ከመንገደኛነት ወደ ጭነት በተለወጡ አውሮፕላኖች ላይ የሚገኘው ግን በኮክፒቱ በርና በጭነቱ መከላከያ መካከል የተተከለ ወንበርና መጋረጃ ነው። ክፍል 117 እነዚህን በሦስት ደረጃ ይመድባቸዋል። አንደኛ ደረጃው ከኮክፒትም ከመንገደኛ ክፍልም ተለይቶ ጠፍጣፋ መኝታ፣ የሙቀትና የብርሃን መቆጣጠሪያ ያለው ነው፤ ሦስተኛው ቢያንስ 40 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚጋደልና እግር የሚደግፍ ወንበር ነው። ልዩነቱ የምቾት ብቻ አይደለም። ቲኤንኦ የተባለው የኔዘርላንድ የምርምር ተቋም በ2007 ባወጣው ጥናት፣ በበረራ ላይ ከሚወሰደው የዕረፍት ጊዜ የሥራ ሰዓትን ለማራዘም ሊያገለግል የሚገባው በአንደኛ ደረጃ ማረፊያ 75 በመቶው ሲሆን፣ በሦስተኛው ደረጃ 25 በመቶው ብቻ ነው ብሏል። ጸሐፊው «በረጅም በረራ ላይ ማረፊያ አለ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልፉ ሦስቱን በአንድ ላይ ጠቅልለዋቸዋል።

በጭነት አውሮፕላን ላይ ሌላም ነገር አለ። በብዙዎቹ ላይ የዋናው ወለል ጭነት በእሳት ቢያያዝ እሳቱን የማፈኛው ዘዴ አየር መከልከልና የአውሮፕላኑን የውስጥ ግፊት ማውረድ ስለሆነ፣ ተኝቶ የነበረው አብራሪ በጨለማ ተነሥቶ የኦክስጅን ጭንብሉን ወዲያው ማግኘት አለበት። ማረፊያው የት እንደሚሆን፣ ጭንብሉ ከአልጋው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከኮክፒቱ የሚመጣው ጥሪ በእንቅልፍ ልብ የሚሰማ መሆን አለመሆኑ የዲዛይን ጥያቄ ነው፤ ወንበር ገጥሞ መጋረጃ በመስቀል አይመለስም።

አልጋ መኖሩ የሥራ ሰዓትን ያለ ገደብ ለመለጠጥ ምክንያት ሲሆን የሚመጣውን በኦክቶበር 2004 በካናዳ ሃሊፋክስ አይተናል። የኤምኬ ኤርላይንስ 747 ለመነሣት ሲሞክር ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ተከስክሶ ሰባቱም ሠራተኞች ሞቱ። የካናዳ መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ ለመነሻው የሚያስፈልገው ፍጥነትና የሞተር ኃይል የተሰላው አውሮፕላኑ በቀድሞው ማረፊያ በነበረው እጅግ ቀላል ክብደት ነበር። ሠራተኞቹ በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ 19 ሰዓት ገደማ ሆኗቸው ነበር፤ ጉዟቸው ገና አላበቃም። መርማሪዎቹ ድካሙ ለስህተቱ መፈጠርና ሳይታወቅ ለማለፉ ዕድል ሳይጨምር እንዳልቀረ ገልጸዋል። የቁጥር ስህተት ማንም ሰው ይሠራል፤ ንቁ ሆኖ ያደረ ባልደረባ ግን ቁጥሩን አይቶ ይህ ነገር ያንሳል ማለት ይችላል።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር በኮክፒት ወንበር ላይ የሚወሰደውን አጭር እንቅልፍ እንደ ማሟያ ጠቅሰው፣ በ1994 የወጣውን የናሳ ጥናት አስረጅ አድርገዋል። ጥናቱ እውነት ነው፤ 40 ደቂቃ የተሰጣቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኝተው ንቃታቸውም ሥራቸውም ተሻሽሏል። ነገር ግን የተፈተነው በታቀደ መንገድ፣ በተገደበ ጊዜ የሚወሰድ ዕረፍት ነው። ገደቡ ሲጣስ የሚሆነውን በጃንዋሪ 2011 ከቶሮንቶ ወደ ዙሪክ ይበር በነበረው የኤር ካናዳ 878 በረራ ላይ ማየት ይቻላል። ረዳት አብራሪው በ40 ደቂቃ ፈንታ 75 ደቂቃ ተኝቶ ሲነቃ፣ መጀመሪያ ፕላኔቷ ቬነስ አውሮፕላን መስላው፣ ቀጥሎም ከእነርሱ በታች ይመጣ የነበረው እውነተኛ አውሮፕላን ሊጋጫቸው የሚወርድ መስሎት የአውሮፕላናቸውን አፍንጫ ወደታች ገፋው፤ 16 ሰዎች ተጎዱ። ከከባድ እንቅልፍ የነቃ አእምሮ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ገና አልነቃም። በማዕከሉ ክፍል አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተኝቶ ተቀስቅሶ ለሚወጣው አብራሪም ይኸው አደጋ አለ፤ ስለዚህ ከመቀስቀሻው እስከ መነሻው ያለው ጊዜ የሰነድ ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን የመንቂያም ጊዜ ተደርጎ መያዝ አለበት።

መጀመሪያ ላይ እውነት ነው ያልኩት ነጥብ ጸሐፊው ስለ በርሚንግሃሙ የዩፒኤስ አደጋ ያነሡት ነው። ጸሐፊው እንዳሉት፣ ቦርዱ ረዳት አብራሪዋ ለዕረፍት የተሰጣትን ጊዜ በአግባቡ ባለመጠቀሟ እንቅልፍ እንዳጎደለች አስፍሯል፤ የሁለቱ አብራሪዎች የሥራ ፕሮግራምም ክፍል 117 ጭነትን ቢጨምር ኖሮ እንኳ ደንቡን የሚያሟላ ነበር። ይህን አደጋ «ሕጉ ቢኖር አይደርስም ነበር» ለማለት የሚጠቀሙ ወገኖች ተሳስተዋል። አብራሪ የዕረፍት ጊዜውን ለዕረፍት የማዋል ኃላፊነት አለበት፤ ይህን የሚያስቀር ደንብ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ይሁንና ቦርዱ በዚያው ዘገባ ከረዳት አብራሪዋ እንቅልፍ ማጣት ጋር የሌሊቱንም ሰዓት እንደ ምክንያት አስቀምጧል፤ ጸሐፊው የጠቀሱት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። በኮክፒቱ የድምፅ መቅጃ ላይም ሁለቱ አብራሪዎች አዲሱ የዕረፍት ደንብ የጭነት አብራሪዎችን መተዉን እያነሡ ሲነጋገሩ ይሰማል።

ጥፋቱ የግለሰቡ ነው የሚለው ፍርድ ለሁሉም አደጋ እንደማይሠራ ለማየት ወደ ኦገስት 1993 መመለስ ይበቃል። በኩባ ጓንታናሞ ቤይ ለማረፍ ሲታጠፍ የተከሰከሰው የጭነት ዲሲ-8 ቦርዱ ድካምን በአደጋው ዋና ምክንያት ውስጥ ያስገባበት የመጀመሪያው ነው። ካፒቴኑ 23 ሰዓት ተኩል፣ ረዳቱ 19፣ የበረራ መሐንዲሱ 21 ሰዓት ሳይተኙ ቆይተው ነበር። ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሲበሩ አድረው ሥራቸውን ሊጨርሱ ሲሉ ነው ይህ ተጨማሪ ጉዞ የተሰጣቸው። ዕቃውን ካራገፉ በኋላ ባዶውን አውሮፕላን ወደ አትላንታ እንዲመልሱም ታቅዶ ነበር፤ ባዶ በረራ በሌላ የሕግ ክፍል ስለሚታይ ከሥራ ሰዓቱ ገደብ ጋር አይደመርም ነበርና። እዚህ ላይ ጊዜውን ያባከነ አብራሪ የለም። ፕሮግራሙን ያወጣው ኩባንያው ነው፤ ቀዳዳውን የተወው ደግሞ ሕጉ።

«ደክሞኛል ብሎ መቅረት ይቻላል» የሚለውም በወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። ከበርሚንግሃም አደጋ በኋላ ቦርዱ ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ ደክሞኛል ብለው ቀርተው ከሕመም ፈቃዳቸው ላይ ቀን የተቀነሰባቸው አብራሪዎች ምክንያቱ ተጣርቶ እንዲመከሩ የሚጠይቅ ነበር። ደክሞኛል ማለት ከፈቃድ ቀን የሚያስቀንስ ከሆነ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በመብራት ሥር ቆሞ ውሳኔውን የሚወስነው ሰው ሌላም ነገር አብሮ ያሰላል። ሌላው ችግር፣ በጣም የደከመ ሰው የራሱን ድካም በትክክል መገመት አለመቻሉ ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊው የሚያቀርቡት አማራጭ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ የድካም አደጋ አስተዳደር ሥርዓት፣ ማለትም የአብራሪዎቹን ድካም በመረጃ እየተከታተለ ፕሮግራሙን በሚያስተካክልበት አሠራር እንዲመራ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2011 ይህን ሥርዓት በደረጃዎቹ ውስጥ ማስገባቱንም ይጠቅሳሉ። እኔም ሥርዓቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚሠራው በመረጃ ነው፤ መረጃው የሚመጣው ከአብራሪው ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ያደረገ ፈቃዱ ከተቀነሰበት ግን ሪፖርት አይኖርም፣ በኮምፒዩተሩ ላይም ሁሉም ደህና ይመስላል። በፈቃድ ይግቡ የሚለውም ከ2014 ጀምሮ የተከፈተ በር ነው። ለዕረፍት ብሎ ተጨማሪ አብራሪ የቀጠረና ፕሮግራሙን ያላላ ኩባንያ ያንን ካላደረገው ጋር በአንድ ገበያ በዋጋ ስለሚወዳደር፣ በሩ ተከፍቶ መቆየቱ ብቻውን ማንንም አያስገባም።

ወጪው ዘርፉን ያደቅቀዋል ለሚለው ስጋት ደግሞ መልሱ በተግባር አለ። ከፌብሩዋሪ 2016 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 83/2014 በአየር መንገዶች የንግድ በረራ ላይ የመንገደኛና የጭነት አብራሪን አይለይም፤ የሌሊቱ ገደብም፣ የበረራ ላይ ማረፊያው ደረጃም ለሁለቱም አንድ ነው። በዚያ ደንብ ሥር ከሉክሰምበርግና ከላይፕዚግ የሚነሡ የጭነት አውሮፕላኖች ዛሬም ሌሊቱን ይበራሉ፤ ጸሐፊው በወጪ ላይ ባቀረቡት ክፍል ግን ስለ እነርሱ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።